በቀብሩ ቀን ያልተኛው ኮምፒውተር

በ2002 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ የዝማሬ መምህሩ የኔታ ቀለመ ወርቅ በተቀበሩበት ማክሰኞ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከወገዳ ከተማ በታች ወንዙን ተሻግሮ ባለው የማስተማሪያ ጎጇቸው በር ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ ልጃቸው ወይዘሮ ማስተዋል፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ገብረ ሚካኤል፣ ለብዙ ዓመት እግራቸው ሥር የተማረው ደቀ መዝሙር ቢሻው፣ እና ከከተማ የተጠራው ረዳት ኢንስፔክተር ታፈረ። የቀሩት ተማሪዎች ከካቡ ማዶ ተኮልኩለው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ነበር።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉ እንደተሰካበት ተንጠልጥሏል። ውስጥ ያለው አንድ መደብ፣ አንድ አጎዛ፣ አንድ የውሃ ቅል ነው። ከመደቡ በላይ በግድግዳው ላይ የተመታው ችካል ባዶውን ቀርቷል።

«መጽሐፉ እዚያ ነበር የሚሰቀለው» አሉ ቄስ ገብረ ሚካኤል። «ከነማኅደሩ።»

ታፈረ መጽሐፉ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ቄሱም ነገሩት። የብራና የዝማሬ መጽሐፍ ነው። ከየኔታ መምህር፣ ከእርሳቸውም መምህር እየወረደ የመጣ ነው። በየመሥመሩ ራስ ላይ የዜማው ምልክት በቀጭን ብዕር ተጽፏል፤ እንዲህ ያለ ምልክት በሌላ ደብር የለም። በዚህ ደብር ልማድ መምህር ሲሞት፣ በሰልስቱ ዕለት ሽማግሌዎች መጽሐፉን ለተተኪው በእጁ ይሰጡታል። መጽሐፉን የተቀበለ ወንበሩን ይወርሳል።

«መጽሐፍ ከሌለስ?»

«ወንበር የለማ። ጉባኤው ይታጠፋል፤ ተማሪው ይበተናል። ሰልስቱ ከነገ ወዲያ ነው፣ ልጄ።»

«ተተኪው ማን ነበር?»

ቄሱ ቢሻውን አዩትና ዓይናቸውን መለሱ። ወይዘሮ ማስተዋል ግን ከእንባዋ መሀል ቀና አለች።

«እሱ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አንዳንዱ ሰው ‘ወንበሩ ለአገር ልጅ ይሁን፤ ለደላንታ ሰው ምን አገባን’ ሲል ሰምቷል። ሰምቶ ነው የወሰደው። ከቀብር ስንመለስ ማን ቀድሞ ሮጦ እዚህ ደረሰ? ማን በሩን ከፈተ? ቁልፉስ ከእሱ በቀር ማን ዘንድ ነበር?»

ቢሻው ረጅም፣ ከሲታ፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። መሬት መሬት ያያል።

«ቢሻው» አለ ታፈረ፣ «ዛሬ ወደዚህ ስንት ጊዜ መጣህ?»

«ጠዋት የየኔታን መቋሚያ ላመጣ መጥቻለሁ። መጽሐፉ ነበረ፤ ተሳልሜው ነው የወጣሁ። ቆለፍሁና ሄድሁ። አሁን ደግሞ ከሰው ቀድሜ መጣሁ፤ ጎጆውን ልጠርግ ብዬ። እንደ ቆለፍሁት ነው ያገኘሁት፤ ብከፍተው መጽሐፉ የለም።»

«ጠዋት ከቆለፍህ በኋላ ቁልፉን የት አደረግኸው?»

ቢሻው የነጠላውን ጫፍ ጠቀለለ።

«ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ውሸት አልናገርም። ኪሴ አልነበረም።»

«የት ነበር?»

«እሱን ደግሞ አልናገርም፣ ጌታዬ።»

ቄስ ገብረ ሚካኤል ተጠጉት። «ልጄ፣ ዝምታ ራስን መክሰስ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባ» አለ ቢሻው። ሁለት እጁን አጣምሮም ለታፈረ ዘረጋለት።

*

ታፈረ ወገዳ ከተመደበ ዓመት አልፎታል። ቤተሰቡ ደብረ ታቦር ነው። ምሳውን የሚበላበት ሻይ ቤት ባለቤቷ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ከተወች ቆየች፤ ሲገባ ሽሮውን ታስቀምጥለታለች፤ ሲወጣ ሳህኑን ታነሳለች። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለዋል፤ ማንም ግን «እስቲ ቤት ግባ» ብሎት አያውቅም። ፖሊስ ይፈራል እንጂ አይጋበዝም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ማረፊያ ቤቱ ሲሄድ በበሩ ላይ የእስረኛ ዘመዶች አገልግል ይዘው ተሰልፈዋል። ለቢሻው የመጣ የለም።

«ጓደኞችህ ተማሪዎቹስ?» አለው በመስኮቱ።

«ፈርተው ይሆናል።»

«ትናንትስ ምን በላህ?»

«ጾም አይደል» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ገና ሰዓቱ አልደረሰም።»

ታፈረ ከሻይ ቤት ያስጠቀለለውን እንጀራ አቀበለው። «ቁልፉን የት እንዳደረግህ ከነገርኸኝ ዛሬ ትወጣለህ። መጽሐፉን አለመውሰድህን አምኜ አይደለም፤ ግን ሌላ የምጠይቀው ሰው አገኝ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አልችልም ግን።»

አልፈልግም አላለም። ታፈረ ይህን ቃል ይዞ ወጣ።

*

በወገዳ ለቀብር የመጣውን ማንም አይቆጥርም፤ የቀረውን ግን ሁሉም ይቆጥራል። የኔታን ሊቀብር ገበሬው አውድማውን ትቶ ወጥቶ ነበር። ቄስ ገብረ ሚካኤል የቀሩትን ጤነኞች ስም ለመጥራት አልተቸገሩም። አንዱ ኮምፒውተር ቤት ያለው ዘመኑ ነው። ሁለተኛው ባለ ወፍጮው ጓዴ ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተለያዩ ጎረቤቶች ናቸው።

ዘመኑ በጠባቡ ክፍሉ ውስጥ ለገጠር ልጆች ዘፈንና መዝሙር በስልካቸው ይጭናል። ከወለሉ ጥግ የሞቱ ሞኒተሮች ተደራርበዋል። የሚሠራው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ እሱም ከባሕር ዳር ከአንድ መሥሪያ ቤት ሲወገድ የገዛው አሮጌ ነው።

«እኔ ከቀብር የቀረሁት በየኔታ ሥራ ነው» አለ ዘመኑ። «ድምፃቸውን ሦስት ዓመት ሙሉ የቀዳሁት እኔ ነኝ። እዚህ ማሽን ላይ ነው ያለው። ለወይዘሮ ማስተዋል በሰልስቱ እንዲደርስላት ወደዚች ውጫዊ ዲስክ ስገለብጥ ዋልሁ። ብዙ ነው፤ ዲስኳም ቀርፋፋ ናት። ጠዋት ተጀምሮ ሊመሽ ሲል ነው ያለቀው።»

«መገልበጥ ከጀመረ ራሱ አይጨርስም? አንተ መቀመጥህ ለምንድን ነው?»

ዘመኑ ሳቀ። «ይኼን ማሽን አታውቀውማ። እንደ ሰነፍ ዲያቆን ነው፤ ካልነቀነቁት ያንቀላፋል። ማውዙን ጥቂት ሳትነካው ከቆየህ ድርግም ብሎ ይተኛል፤ ሲተኛ ኮፒውም ይቆማል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ዘፈን ሊያስጭን የመጣ ሁሉ ተራ ገብቶ ማውዝ ይነቀንቅልኛል።»

«እንዳይተኛ ማድረግ አይቻልም?»

«ይቻላል። ግን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የድሮው መሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ እሱን ከየት አባቴ ላምጣው? ስለዚህ ተቀምጬ እነቀንቃለሁ። ማክሰኞም እጄ ከማውዙ አልተነሳም። ተነስቶ ቢሆን ኮፒው ባላለቀ።»

«ሬሳው ከልጃቸው ቤት ወጥቶ ወደ ደብሩ በዚህ በር ሲያልፍስ? ብቅ ብለህ አልተሰናበትሃቸውም?»

«ማለፉንስ መች ሰማሁ?» አለና ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። «ወፍጮው ነዋ። ሲያጓራ ነው የዋለው። ሰው ከቀብር ሲመለስ ነው ያወቅሁት።»

በጎዳናው ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ጠዋት ሲያልፍ ዘመኑን ማሽኑ ላይ እንዳየው፣ ከቀብር መልስ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም እንዳለው መሰከረ። ማሽኑም ሁለቱንም ጊዜ ነቅቶ እየገለበጠ ነበር። ታፈረ ዲስኳን በደረሰኝ ተቀብሎ ወጣ።

*

ጓዴ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ ነው። ወፍጮውን ሳያጠፋ፣ እየጮኸ ነው ያናገረው።

«አያ ጓዴ፣ ከቀብር መቅረትዎ ለሰው ወሬ ሆኗል።»

«ወሬ ደግሞ እዚህ አገር መቼ ጠፍቶ ያውቃል።»

«ከየኔታ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«እሳቸው ናቸው የተጣሉኝ። በሚካኤል ዕለት ወፍጮ አስነስተሃል ብለው በሰው ፊት ገዘቱኝ። የሚጠብቀኝ የሕፃን ገንፎ ነበር፤ ማን ይስማኝ? ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሳቸው ወደ ላይ ያያሉ፤ እኔ ወደ ታች አያለሁ።»

«ጎጇቸውን ያውቁታል?»

«ማን የማያውቀው አለ?»

«ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ወፍጮዬ ለማንም አልቆመም።»

«ለየኔታም?»

ሽማግሌው እህሉን ወደ ወፍጮው ሲያፈስ ገሚሱን ወለሉ ላይ በተነው። «ለእሳቸው? ለእሳቸው ብሎ ነገር» አለና ጀርባውን ሰጠው።

ታፈረ የተበተነውን እህል አየ። ቂም ያለው፣ ከቀብር የቀረ፣ ሲጠየቅ ሥራው የሚጠፋበት ሰው ነው። ሁለት ፖሊሶች ጠርቶ ወፍጮ ቤቱን አስፈተሸ። ከዱቄት በቀር ያገኙት ነገር የለም። ፈትሸው ሲጨርሱ ጓዴ «የፖሊስ ኮት ለዱቄት ጥሩ አይደለም» አለ።

*

ዲስኳን የሚከፍት ኮምፒውተር ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው። የኮምፒውተር መምህርቷ ልዕልት የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ናት፤ እንደ ታፈረ ሁሉ በወገዳ ዘመድ የላትም። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ምን ብለን ነው የምንፈልገው?» አለች።

«አላውቅም። መጽሐፉን አይተው የወደዱ እንግዶች መጥተው ይሆናል። ድምፃቸው ይሰማ እንደሆነ።»

ያዳምጡ ጀመር። የኔታ ያዜማሉ፤ ያስላሉ፤ ተማሪውን ይገሥጻሉ። ዝናብ በሳሩ ክዳን ላይ ይወርዳል። ዶሮ ትገባለች፤ «እሽ!» ይሏታል፤ ከዚያ ዜማው ካቆመበት ይቀጥላል። ልዕልት አልፎ አልፎ እየዘለለች ሌላ ትከፍታለች። ታፈረ ወገዳ ከመጣ ወዲህ ከሰው ጋር እሳት ዳር ተቀምጦ ሲያመሽ ይህ የመጀመሪያው መሰለው። እሳቱም ሰውዬውም እንደሌሉ ትዝ ሲለው ሰውነቱን ቀዘቀዘው።

ከዚያ ይህ ተሰማ።

«ቢሻው።»

«አቤት፣ የኔታ።»

«ለልመና ስትወጣ ቁልፏን ይዘህ አትዙር፤ ትጠፋብሃለች። ከኮሶው ሥር፣ ከካቡ ውስጥ፣ ከጥቁሯ ድንጋይ ኋላ አድርጋት። ለሰው ብትናገር በግዝት ይዤሃለሁ። ለልጄም ቢሆን።»

«እሺ፣ የኔታ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዜማውን አነሱት። መቅጃው አጠገባቸው እንዳለ ረስተውታል።

ልዕልት ድምፁን አቆመችው። «ለዚህ ነዋ የማይናገረው።»

«አልችልም ያለኝ» አለ ታፈረ። «የሞተ ሰው ግዝት ማን ይፈታለታል?» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ይህን ከቢሻው ሌላ የሰማ ማነው?»

«የቀዳው ሰው። ሌላ ማን ያዳምጠዋል?»

«የቀዳው ሰው ደግሞ እጁ ከማውዝ አልተነሳም ይላል።»

«ይታያላ» አለች ልዕልት። «እያንዳንዱ ፋይል ዲስኳ ላይ ሲደርስ የደረሰበት ሰዓት ይጻፍበታል። ተከታትለው ከመጡ ማሽኑ አልተኛም።»

በተርታው ቁልቁል ወረደች። አንዱ ፋይል ሌላውን ተከትሎ መጥቷል። መሀል ላይ ስትደርስ ቆመች። «እዚህ ጋ ተኝቷል። ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ደህና አድርጎ ተኝቷል።»

«ሬሳው ያለፈው በዚያ ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ይሆን?»

«መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ይሞታል፤ ኮፒውም ይበላሻል እንጂ ካቆመበት አይቀጥልም። ይኼ ተኝቶ፣ ነቅቶ፣ ቀጥሏል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ግን አንዴም አልተኛም።»

«በተኛበት ጊዜ ውስጥ ከከተማው ወጥቶ ጎጆው ደርሶ መመለስ ይቻላል?»

«ወንዙን ወርደህ ወጥተህ?» ልዕልት ራሷን ነቀነቀች። «መሄጃውን እንኳ አይሞላም።»

ስለዚህ ዘመኑ ቢበዛ አንቀላፍቷል እንጂ ከቤቱ አልራቀም ማለት ነው፤ የሚጠረጠረውም አሁንም ቢሻው ብቻ ነው። ታፈረ ዲስኳን ይዞ ተነሳ። ልዕልት በሩ ድረስ ሸኘችው። «ቀሪውንም ለማዳመጥ ብትፈልግ» አለች፣ «እኔ ሁልጊዜ እዚህ ነኝ።»

ሲመለስ በማረፊያ ቤቱ በኩል አለፈ።

«ከኮሶው ሥር፣ ከጥቁሯ ድንጋይ ኋላ» አለ በመስኮቱ።

ቢሻው ከተቀመጠበት ተነሳ። «ማን ነገረህ?»

«እሳቸው። ከቀዱት ውስጥ ሰማሁ። አንተ አልተናገርህም።»

ቢሻው ግንባሩን በመስኮቱ ብረት ላይ አስደገፈ። «ድምፃቸው እንዴት ነው?»

«ያስላሉ።»

«ክረምት የተቀዳው ነው» አለ ቢሻው።

*

ሐሙስ ጠዋት ታፈረ ወደ ዘመኑ ቤት ሄደ። አንቀላፍቶ እንደሆነ ሊጠይቀው ነው። ዘመኑ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር፤ በሩ ላይ መጋረጃ ብቻ ተጥሏል። ታፈረ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ ተኝቷል፤ መስታወቱ ጥቁር ነው።

ከግድግዳው ማዶ የጓዴ ሞተር ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተነሳ። ጠረጴዛው ይንዘረዘር ጀመር። የሻይ ብርጭቆዋ ከማንኪያዋ ጋር ተንጫጫች። ታፈረ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ፣ መስታወቱ ፊቱ ላይ ቦግ አለ።

የነካው ሰው የለም። ጠረጴዛው ከወፍጮው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ማውዙ በጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በመስታወቱ ላይ ያለችው ቀስት እንደ ቁንጫ ትዘላለች። ታፈረ ማውዙን አንስቶ ጭኑ ላይ ቢያስቀምጠው ቀስቷ ቆመች። መልሶ ጠረጴዛው ላይ ቢያኖረው መዝለሏን ቀጠለች።

ሲወጣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባ። እህል ይዘው ከተሰለፉት ሴቶች ፊተኛዋ ደጊቱ የምትባል የገጠር ሴት ነበረች።

«እትዬ፣ ማክሰኞ እዚህ ነበርሽ?»

«ነበርሁ እንጂ። ገብሴ እንኳ በመሀል ቀርቶብኝ።»

«ለምን ቀረ?»

«ወፍጮው ቆሞ ነዋ።»

«ወፍጮው አልቆመም ነው የተባልሁት።»

«አያ ጓዴ ናቸው ይህን ያሉ?» አለች ደጊቱ ወደ ውስጥ አንጋጣ። «ሬሳው ከመንገዱ ብቅ ሲል አጥፍተውት፣ እኛንም ‘ሂዱ ቅበሩ’ ብለው አባረውን!»

«ደጊቱ» አለ ጓዴ ከውስጥ፣ «አፍሽን ዱቄት ይሙላው።»

«ሞልቶታል እኮ፣ አያ። እሱን ስጠርግ ነው የዋልሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጓዴ አልሳቀም። ታፈረን ወደ ጓሮ ወሰደውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተናገረ።

«ወፍጮው እያጓራ በበሬ ቢያልፉ፣ በቃ፣ ለዘላለም ተጣላን ማለት ነው። አጠፋሁት። ከበሩ ኋላ ሆኜ በስንጥቁ አየኋቸው። ወጥቼ እንዳልከተል፣ ሰው ‘ሲሞቱ ታረቀ’ ይለኛል። የቀብሩ ደወል እስኪያበቃ ቆሜ ቆየሁና አስነሳሁት።»

«ለምን ዋሹኝ?»

«ቂመኛ መባሉን ለምጄዋለሁ» አለ ጓዴ። «እንባዬን ግን ማንም አይቶት አያውቅም።»

ታፈረ ትከሻውን ሊነካው እጁን አነሳና መለሰው። «አያ ጓዴ፣ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከዘመኑ ቤት ገብቼ ጥቂት ስቆይ ወፍጮውን ያጥፉት።»

*

ዘመኑ ተመልሶ ለአንድ ልጅ መዝሙር ይጭን ነበር። ታፈረ ልጁ እስኪሄድ ጠበቀ።

«እንዳትነሳ። ማክሰኞ እንቅልፍ ጥሎህ ነበር?»

«በፍጹም።»

«ማሽኑስ?»

«እኔ ሳልተኛ እሱ እንዴት ይተኛል? እጄ ከማውዙ አልተነሳም ብዬሃለሁ።»

«ወፍጮውስ?»

«ሲያጓራ ዋለ አልሁህ እኮ።»

በዚህ መሀል የወፍጮው ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄዶ ጠፋ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ዘመኑ ማውዙን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ታፈረ በቀስታ ያዘው።

«ተወው። እስቲ እንየው።»

ሁለቱም መስታወቱን እያዩ ተቀመጡ። ከውጭ የሴቶች ወሬና የአህያ ኮቴ ይሰማል። ብዙ ተቀመጡ። ከዚያ መስታወቱ ድርግም አለ።

«ማክሰኞም እንዲህ ሆኗል» አለ ታፈረ። «ጓዴ ለየኔታ ወፍጮውን አቁሞ ነበር። ማሽንህም ተኛ። ጓዴ ሲያስነሳው አብሮ ነቃ። አንተ እዚህ ብትሆን ማሽኑ ባልተኛ፣ ለቅሶውንም በሰማህ። ከእጅህ ይልቅ ግድግዳው ሲነቀንቅልህ ዋለ፤ አንተ ቁልፏን ከጥቁሯ ድንጋይ ኋላ አውጥተህ፣ መጽሐፉን ወስደህ፣ ቆልፈህ መልሰሃታል። ይህን ከአንተ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።»

ዘመኑ ለመሳቅ ሞከረ። «ጓዴ? ለየኔታ?»

«ለየኔታ።»

«ለአባቱ ቀብር እንኳ በግድ ነው ያጠፋው ይሉታል። ለእሳቸው ያቆማል ብሎ ማን ያስባል?» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ማንም አያስብም።»

«መጽሐፉ የት ነው?»

ዘመኑ በእግሩ አመለከተ። ከጥጉ ከተደራረቡት ሞኒተሮች የታችኛው ቀፎ ብቻ ነበር። ታፈረ ጀርባውን ሲያነሳው የማኅደሩ ቆዳ ጫፍ ታየ። ብራናው ከነምልክቱ ደኅና ነው።

«በቅዳሜ መኪና ልሄድ ነበር» አለ ዘመኑ። «ባሕር ዳር የሚገዛ ሰው አለ። ከዚያ ወዲያ አልመለስም ብዬ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ቁልቁለት እየወረድሁ ቀዳኋቸው። አንድ ሰው ‘እስቲ አሰማኝ’ ብሎኝ አያውቅም። ለማን እንደምቀዳ እንኳ ጠፋኝ።»

«ቢሻው ሲታሰርስ?»

«አገር የለውም» አለ ዘመኑ ቀስ ብሎ። «ማን ይጠይቅለታል ብዬ።»

ታፈረ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

*

የሰልስቱ ጸሎት ሳያልቅ ወሬው ደብሩ ደረሰ። ቄስ ገብረ ሚካኤልና ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላቸውም ወይዘሮ ማስተዋል፣ በየትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመው ወደ ማረፊያ ቤቱ መጡ። ቢሻው ከበሩ ሲወጣ በፊቱ ተንበረከኩ።

«ይቅር በለን» አሉ ቄሱ።

ቢሻው ተራ በተራ ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረደ። ከወይዘሮ ማስተዋል ትከሻ ሲያወርድ እጇን ያዘችው።

«መጽሐፉን ዛሬውኑ ተቀበል፣ ወንድሜ። አባቴ ላንተ ነበር ያሰበው። እኔ ነኝ ያሳሰርሁህ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ እታለም። ከልቤ ነው።»

«እንግዲያውስ ና።»

«አልመጣም» አለ ቢሻው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «ማክሰኞ እዚያ ጎጆ በር ላይ ስቆም፣ አብሮኝ የተማረ፣ አብሮኝ ቁራሽ የለመነ አንድ ሰው እንኳ ‘እሱ አያደርገውም’ አላለም። ነገ ቅል ቢጠፋ ዓይናችሁ ወደኔ ነው። እኔም ትከሻችሁን ሳይ ድንጋዩን አያለሁ። እንዲህ ሆኖ ዜማ አይወጣም።»

ቄስ ገብረ ሚካኤል ወደ ታፈረ ዞሩ። «አንተ እንኳ ንገረው፣ ልጄ። አንተን ይሰማል።»

ታፈረ ቢሻውን አየው። እንዲቀር ፈልጎ ነበር፤ በወገዳ እንጀራ ያካፈለው ሰው ቢኖር ቢሻውን ብቻ ነው። «ፖሊስ የሚያስቀረው የታሰረውን ነው፣ አባ» አለ።

አርብ ጎሕ ሲቀድ ቢሻው አኩፋዳውን አንግቶ በደላንታ መንገድ ሄደ። መጽሐፉ ከደብሩ ዕቃ ቤት ገባና ተቆለፈበት። ምልክቱን ጨርሶ የተማረ ሌላ ስላልነበረ የየኔታ ወንበር ተተኪ አላገኘም። ተማሪዎቹ ገሚሶቹ ወደ እስቴ፣ ገሚሶቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ የጎጆውንም ክዳን በሚቀጥለው ክረምት ዝናብ አፈረሰው።